መነካካት የቀረባቸው ባልና ሚስት ከየት ይጀምሩ? የአራት ሳምንት አሠራር

«ልጆች ከመጡ ወዲህ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን እንኳ አንነካካም። ጸብ የለንም። ግን ከየት እንጀምር?» ከደሴም፣ ከወልድያም፣ ከከሚሴም ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱ ከዚህ በታች አለ። የተጻፈው ለባልና ሚስት ነው። በሳምንት ሁለት ምሽት፣ በየምሽቱ 35 ደቂቃ ገደማ፣ ለአራት ሳምንት።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የቆመው። በእነዚህ ምሽቶች መነካካቱ ወደ ግብረ ሥጋ ግንኙነት አያልፍም። ሁለታችሁም ብትፈልጉ እንኳ አያልፍም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በብዙ ቤት እጅ የሚዘረጋው አንድ ነገር ሲፈለግ ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን የደከመው ወገን እጅ በመጣ ቁጥር ሰውነቱን መሰብሰብ ይለምዳል፤ ትከሻው ላይ ያረፈችውን እጅ ከተቀበለ ቀጥሎ የሚመጣውንም የተቀበለ ይመስለዋልና። ሌላው ደግሞ መሰብሰቡን ያይና «ጠልታኛለች» ወይም «ጠልቶኛል» ብሎ እጁን ይመልሳል። በዚህ ዓይነት ማንም ሳይበድል ዓመት ያልፋል። ማብቂያው አስቀድሞ ሲታወቅ ግን ሰውነት መጠበቁን ይተዋል፤ መላላት የሚጀምረውም ያኔ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- እግር የሚያስገባ ሳፋ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በፔርሙዝ የተያዘ 1 ሊትር ፍል ውሃና 3 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ።
- 2 ፎጣ። አንዱ ለእግር፣ አንዱ ለእጅ።
- ዘይት፣ ለአንድ ሰው በአንድ ምሽት 2 የሻይ ማንኪያ። የሰሊጥ ወይም የኮኮናት ዘይት ይሻላል። የኑግ ዘይት ሽታው ይከብዳል፣ ልብስም ያበላሻል። ቫዝሊን ስለሚይዝ እጅ አያንሸራትትም። ለጋ ቅቤ ለራስ ጥሩ ነው፤ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ለጀርባ ከተቀባ ግን ሽታው ሌሊቱን ሙሉ ይከተላችኋል።
- ፍራሹ ላይ የሚነጠፍ አሮጌ ነጠላ ወይም ሽርጥ። ዘይት ከጋቢ አይለቅም።
- ለተኛው ሰው መሸፈኛ ጋቢ።
- የጥፍር መቁረጫ።
- ደወሉ ብቻ የሚሠራ፣ ኔትወርኩ የተዘጋ ስልክ።

ዘይቱን ከመጀመሪያው ምሽት አንድ ቀን በፊት ሞክሩት። አንድ ጠብታ በክርን ውስጠኛ በኩል ቀብታችሁ አሳድሩ። ካሳከከ ወይም ከቀላ ሌላ ዘይት ፈልጉ።

አሠራሩ

1. ምሽቱን ቁረጡ። «ሲመቸን» ያላችሁት ቀን አይመጣም። ሁለት የታወቁ ምሽቶች ያዙ። ገበያ የምትወጡ ከሆነ የገበያው ቀን አይሁን፤ ቆሞ የዋለ ሰው እግሩ ሳፋ ውስጥ እንዳለ ያንቀላፋል። በርጫ የተቃመበት ምሽትም አይሆንም፤ ሰውነት እረፍት ያጣል፣ እጅም ይቸኩላል። መጠጥ ከቀመሳችሁ ለሌላ ቀን አስተላልፉ፤ የጠጣ ሰው የእጁን ኃይል አይለካም፣ የሌላውን እምቢታም በጊዜው አይሰማም። ሰጋጆች ኢሻን ሰግዳችሁ ጀምሩ፤ በሻፊዒ መዝሀብ የባልና ሚስት መነካካት ውዱእ ስለሚያፈርስ በመሀል እንደገና ውሃ ፍለጋ አትነሡም። በረመዳን ከተራዊሕ በኋላ አድርጉት። የኦርቶዶክስ ጾም የምትጾሙ በጾም ቀናት የሚፈቀደውን ከንስሐ አባታችሁ ተረዱና በዚያ ሂዱ። አንዱ መስጊድ አንዱ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት ቤት የሁለቱንም አስልቶ የሚተርፈውን ምሽት ይያዝ።

 ልጆች የሚተኙት እዚያው ክፍል ውስጥ ከሆነ፣ ወይም እናት አብራችሁ የምትኖር ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሳምንት አያስቸግርም። እግር ማጠብ ሰው ፊት የሚደረግ ነገር ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን መጋረጃም ቢሆን የሚጋርድ ነገር ያስፈልጋል። ሬድዮ ዝቅ አድርጎ መክፈት የንግግሩን ድምፅ ይሸፍናል።

2. ሦስቱን ስምምነት ቀን ላይ፣ ልብስ ለብሳችሁ ተነጋገሩ። አንደኛ፣ ከላይ የተባለው፦ ወደ ግንኙነት አይታለፍም፤ ጡትና ብልት በአራቱም ሳምንት አይነካም። ሁለተኛ፣ «በቃ» የተባለ ጊዜ እጅ ወዲያው ይነሣል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። አፍ አውጥቶ መናገር የሚከብደው ሰው ፍራሹን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያድርግ። ሦስተኛ፣ የሚዳብሰው ሰው በየመሀሉ «ደስ አለሽ?» «ደስ አለህ?» እያለ አይጠይቅ። ይህ ጥያቄ መልሱን ይዞ ስለሚመጣ ተቀባዩ እውነቱን ሳይሆን የሚያስደስተውን ይናገራል። በምትኩ ተቀባዩ ራሱ በአጭር ቃል ይምራ፦ «ቀለል»፣ «ጠንከር»፣ «እዚያው»፣ «እለፍ» ወይም «እለፊ»።

 ይህን አልጋ ላይ ለመነጋገር አትሞክሩ። ቀድሞ የተጀመረ ነገር መሀል ላይ የሚነሣ ስምምነት እንደ እምቢታ ይሰማል።

3. ክፍሉን አሙቁ፣ ከሰሉን አውጡ። የበረደው ሰው ጡንቻው ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ጡንቻ ደግሞ ቀላል ንክኪን አይወድም። ደሴ ላይ ይህ ግማሽ ሥራ ነው። ማንደጃውን በርና መስኮት ተከፍቶ አቀጣጥሉ፣ ክፍሉ ሲሞቅ ፍሙን ወደ ውጭ አውጡት፣ ከዚያ ብቻ በሩን ዝጉ። የሚጨስ ባይመስልም ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ይገድላል። የወይባ ወይም የቦለቅያ ጢስ የሞቃችሁበት ቀን ከሆነም እንዲሁ፤ ፍሙ ወጥቶ ጢሱ ሳይለቅ በር አይዘጋ። ለብርዱ ሙቅ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጋቢ ውስጥ አስገቡ። ውሃው እጅ የሚችለው ይሁን፤ ፍል ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምማል።

 መብራቱ አይጥፋ፣ ይደብዝዝ። ጨለማ ውስጥ የተቀባዩ ፊት አይታይም፤ የሚዳብሰው ሰው ደግሞ ስህተቱን የሚያውቀው መጀመሪያ ከፊት ነው።

4. ውሃውን ቀላቅሉ። ሁልጊዜ ቀዝቃዛው ይቅደም፣ ፍሉ ይከተል። ደሴና አካባቢው 2 ሊትር ቀዝቃዛ ላይ 1 ሊትር ፍል ሲጨመር ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ኮምቦልቻና ከሚሴ የቧንቧው ውሃ ራሱ ለብ ስለሚል ቀዝቃዛውን 2 ሊትር ተኩል አድርጉት። በጣት አትለኩ፤ ምድጃ የለመደ ጣት ሙቀት አይታወቀውም። ክርናችሁን ንከሩበት፤ ክርን የማያቃጥለው እግርን አያቃጥልም።

5. አንደኛ ሳምንት፦ እግር። ባል ይጀምራል። ይህ ለጌጥ የተባለ አይደለም። እግር ማጠብ በልማድ የሚስት ወይም የልጆች ሥራ ስለሆነ እሷ ከጀመረች አንድ ተጨማሪ የቤት ሥራ ይሆንባታል፣ እሱም እንደ አገልግሎት ይቀበለዋል። ሁለታችሁም ንክኪውን አትሰሙትም።

 እሷ በርጩማ ላይ ትቀመጥ፣ ጀርባዋ ግድግዳ ይደገፍ። ሁለቱም እግር ውሃ ውስጥ 3 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ አንዱን እግር አውጥቶ በፎጣ ከቦ ጭን ላይ ማሳረፍ ነው። የእግር ክብደት ሙሉ በሙሉ ጭኑ ላይ መውደቅ አለበት፤ እግሯን በራሷ አቅም ከያዘችው ገና አልተላላችም፣ ጠብቁ። ተረከዙን በሙሉ መዳፍ ያዝ። መዳፍ ሰፍቶ ሲያርፍ አይኮረኩርም፤ የሚኮረኩረው የጣት ጫፍ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት መዳፍ ላይ አፍስሶ ማሟሟቅ፣ ከዚያ በአውራ ጣት ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር ቀስ እያሉ መግፋት፣ በእያንዳንዱ ጣት መሀል ማለፍ፣ ቁርጭምጭሚቱን መዞር። ለአንድ እግር 4 ደቂቃ ይበቃል። ሁለቱም ሲያልቁ ደረቅ አድርጎ ማድረቅ ያስፈልጋል፣ በተለይ የጣቶቹን መሀል። ከዚያ ተራ ትለዋወጣላችሁ። ውሃው አዲስ ይሁን።

6. ንግግሩ፣ በየምሽቱ ማብቂያ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ መነካካቱ ደስ ስላለው የተፈታ ይመስለዋል። ዳበሳው የሰውነትን በር ይከፍታል፤ ምን እንደሚወደድና ምን እንደሚያስጠላ ግን ሳይነገር አይታወቅም። አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ፣ ፊት ለፊት አይደለም፤ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ከባዱ ነገር አይወጣም። አንዱ 4 ደቂቃ ይናገራል፣ ሌላው ዝም ይላል። ደወሉ ሲጮህ የሰማው ሰው የተባለውን በራሱ አፍ ደግሞ ይናገራል፦ «እንዲህ ነው ያልሽው?» ካልሆነ ታርመዋለች። ከዚያ ተራው ይቀየራል።

 በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚነገረው ስለዚያ ምሽት ብቻ ነው። «ተረከዜን ስትይዘኝ ደስ አለኝ፤ ጣቶቼ መሀል ስትገባ ግን ተኮማተርኩ።» ይህን ያህል የተለየ ይሁን። «ጥሩ ነበር» ምንም አይጠቅምም፤ በሚቀጥለው ምሽት ምን እንደሚደረግ አይናገርምና። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ አንድ የናፈቃችሁትን ነገርና አንድ የምትፈሩትን ነገር ጨምሩ፦ «ከሥራ ስትገባ ስሜን ጠርተህ ሰላም የምትለኝ ናፈቀኝ»፣ «ሰውነቴ ከወለድኩ በኋላ ስለተለወጠ እንዳታየኝ እፈራለሁ»።

 ወጪ፣ የቤት ኪራይ፣ የዘመድ ጉዳይ፣ የልጅ ትምህርት በዚህ ሰዓት አይነሡም። ትልቅ የተሸሸገ ነገር ካለ፣ ዕዳም ሆነ ሌላ ሰው፣ ለእሱ ቀንና ብርሃን ስጡት፤ ካስፈለገም የምታምኑት ሽማግሌ ወይም አማካሪ ይቀመጥ። ጋቢ ውስጥ ተኝታችሁ ከሰማችሁት ከዚያ በኋላ ያ ጋቢ ራሱ ያስፈራል። በመሀል ሌላ ሰው ኖሮ ከነበረ ወደ ግንኙነት ከመመለሳችሁ በፊት ሁለታችሁም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የኤችአይቪና የአባላዘር ምርመራ አድርጉ።

7. ሁለተኛ ሳምንት፦ ክንድና ጀርባ። እዚህ ላይ ዋናው ፍጥነት ነው። ጸጉር በሚያበቅለው ቆዳ፣ ማለትም በክንድና በጀርባ፣ በተለይ ለዝግታ የሚነሡ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። በደንብ የሚሠሩት እጅ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሄድ ነው፤ 3 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይመረጣል። ከእጅ አንጓ እስከ ክርን 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አንድ ጉዞ 8 ሰከንድ መውሰድ አለበት። በልባችሁ እስከ ስምንት ቁጠሩ። መጀመሪያ ላይ እጅግ የተጓተተ ይመስላችኋል፤ ልክ የሆነው ያ ነው። እጅም የሞቀ ይሁን። የበረደ እጅ እነዚህን ነርቮች በደንብ አያነሣም፣ ይልቁንም ያስደነግጣል።

 ለጀርባ ተቀባዩ በሆዱ ይተኛ፣ ግንባሩ የታጠፈ ጋቢ ላይ ይረፍ፣ አንገቱ አይጠምዘዝ። ወገቡና እግሩ ይሸፈን። መጀመሪያ ሁለት መዳፍ ትከሻ ላይ አሳርፎ ምንም ሳያንቀሳቅሱ ሦስት ትንፋሽ መጠበቅ፤ ይህ ለሰውነቱ «መጣሁ» ማለት ነው። ከዚያ አከርካሪውን ሳይጫኑ፣ በግራና በቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ከትከሻ ወደ ወገብ መውረድ፣ በጎን በኩል መመለስ። አንዱ እጅ ሲነሣ ሌላው ይቆይ፤ ሁለቱም እጅ አንድ ጊዜ ከጠፋ ተቀባዩ አለቀ ብሎ ይነቃል። ይህ የወጌሻ ሥራ አይደለም። ቋጠሮ አትፈልጉ፣ አታሹ፣ አታንቋቁ።

8. ሦስተኛ ሳምንት፦ ራስና ፊት። ተቀባዩ በጀርባው ተኝቶ ራሱን ጭናችሁ ላይ ያሳርፍ። ዘይት ለፊት አያስፈልግም። ከግንባር መሀል ወደ ጆሮ ግንድ፣ ከዚያ ከጆሮ ኋላ ወደ ማጅራት። ሹሩባ ከተሠራች የተጎነጎነውን አትጎትቱ፤ በመስመሮቹ መሀል ያለውን ቆዳ በጣት ሆድ ብቻ ንኩ። የአንገት ፊት አይነካም፤ በግራና በቀኝ ወደ አንጎል የሚሄዱት ደም ሥሮች እዚያ ናቸው፣ ሲጫኗቸው ራስ ያዞራሉ።

9. አራተኛ ሳምንት፦ መተቃቀፍ። ልብስ ለብሳችሁ፣ በጎን ተኝታችሁ፣ አንዱ ከኋላ። 10 ደቂቃ ከኋላ፣ 10 ደቂቃ ተገላብጦ። የታችኛው ክንድ እንዳይደነዝዝ ከአንገት ሥር ባለው ክፍተት ይለፍ እንጂ ጎድን ሥር አይቀመጥ። ትንፋሻችሁን ለማመሳሰል አትልፉ፤ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ብዙ ጊዜ ራሱ ይገናኛል።

10. ከአራቱ ሳምንት በኋላ። አንዱን ምሽት እንዳለ አቆዩት፣ ሕጉንም ጭምር። ሌላው ምሽት ነፃ ይሁን፤ ወደ ግንኙነት ቢያመራም ባያመራም በሁለታችሁ ፈቃድ። ሁለቱንም ከፈታችኋቸው በአጭር ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ ንክኪ እንደገና ጥያቄ ይሆናል።

ጥንቃቄ

የአንድ እግር ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነኩት የሚያም ከሆነ አትዳብሱት። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ማሸት ወደ ሳንባ ሊያንቀሳቅሰው ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሐኪም ሂዱ። ያበጠና የተጠማዘዘ የእግር ደም ሥርንም ዝለሉት። እከክ፣ ቁስል፣ የእግር ፈንገስ ወይም ትኩሳት ካለ ይዳን መጀመሪያ።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሙቀት ላይሰማው ይችላል። የውሃውን ሙቀት ሌላው ሰው በክርኑ ይለካ፤ እሱ «ይበቃል» ስላለ ብቻ አትመኑ።

እርጉዝ ሴት ከአምስተኛው ወር በኋላ በጀርባዋ ረጅም ጊዜ አትተኛ፣ በሆዷም አይሆንም። በግራ ጎኗ ተኝታ በጉልበቶቿ መሀል ትራስ ይግባ። ሆድ አይጫንም።

ዘይት ላቴክስ ኮንዶምን ያዳክማል፣ ይቀደዳል። በነፃው ምሽት ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ዘይት የነካው እጅ በሳሙና ይታጠብ።

በግንኙነት ጊዜ ሕመም ካለ፣ በተለይ ከግርዛት ወይም ከወሊድ ጠባሳ የመጣ ከሆነ፣ ዳበሳ አያድነውም። የማህፀን ሐኪም ይየው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ክፉ ያየ ሰው ከኋላ ሲነኩት ሊደነግጥ፣ ሊያልበው፣ ሊደነዝዝ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው የጀርባውንና ከኋላ የማቀፉን ደረጃ ዝለሉ፤ ሁልጊዜ ከፊት ቅረቡ፣ ከመንካት በፊት ተናገሩ፣ ከእጅ መዳፍ አትለፉ። ድንጋጤው በየጊዜው ከተመለሰ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ዱላ ወይም ማስፈራራት ባለበት ቤት ይህ አሠራር አይሠራም፣ መጀመርም የለበትም። «በቃ» ብላ ለመቆም የማትችል ሴት ስምምነቷ ስምምነት አይደለም። እዚያ የሚቀድመው ደኅንነት ነው፦ የምታምኚው ዘመድ፣ የቀበሌው የሴቶች ጉዳይ፣ ፖሊስ።

ብዙ የሚሳሳቱበት

*አንደኛው ሳምንት ቀሎ ወደ አራተኛው መዝለል።* እግር ተራ ነገር ስለሚመስል ነው። ግን «በቃ» ሲባል እጅ በእርግጥ መነሣቱ የሚፈተነው እዚያ፣ ቀላሉ ቦታ ላይ ነው። አንድም ጊዜ «በቃ» ሳይባል ሁለት ሳምንት ካለፈ ሆን ብላችሁ አንድ ጊዜ ተናገሩት፤ ቃሉ ሥራ ላይ ይዋል።

*ሕጉን በስምምነት ማፍረስ።* «ሁለታችንም ፈለግን እኮ» ይባላል። ከዚያ በሚቀጥለው ምሽት አንዱ ካልፈለገ ሌላው ባለፈው ያስታውሰዋል። ከፈረሰ አትጨቃጨቁ፤ የዚያን ሳምንት ደረጃ እንደገና ጀምሩት።

*ሌላው ሳይጨርስ ማጽናናት።* «ሰውነቴ ተለወጠ» ስትል ቶሎ ብሎ «አብሽሪ፣ ቆንጆ ነሽ» ማለት ደግነት ይመስላል። ንግግሯ ግን እዚያው ይዘጋል። አራቱ ደቂቃ ይለቅ፣ ያለችውን ድገም፣ ከዚያ አጽናና።

*እየዳበሱ ሌላ ማሰብ።* እጅ ይቸኩላል፣ ግፊቱም አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ተቀባዩ ወዲያው ያውቀዋል። መድኃኒቱ ትኩረትን ወደ ራስ መዳፍ መመለስ ነው፦ ቆዳው የት ይሞቃል፣ የት ይሻክራል፣ የት ይላላል።

*አንዱ ሲያኮርፍ ምሽቱን መሰረዝ።* ዳበሳውን ተዉት፣ ሰዓቱን ግን አትተዉ። 35 ደቂቃውን ጎን ለጎን ተቀመጡ። መናገር ካልተቻለ ዝም በሉ። ሦስት ምሽት በተከታታይ እንዲህ ካለፈ ችግሩ ከንክኪ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ኩርፊያውን ያመጣውን ነገር ፍቱ፣ ከዚያ ከእግር ጀምሩ።